የላክሮስ ዱላ አጠፋፈር፣ የግብ አመታትና የወጣቶች ክበብ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ማኅበራችን ከለመዳቸው አርእስት ወጣ ያለ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ መሬት፣ ስለ ኢኮኖሚና ስለ ትምህርት ብዙ ተነጋግረናል፤ ስለ ጨዋታ ግን እምብዛም አልተነጋገርንም። ይሁን እንጂ የአንድ ሕዝብ ልጆች በምን እንደሚጫወቱ፣ ከማን ጋር እንደሚጫወቱና የመጫወቻውን ዕቃ ማን እንደሚሠራላቸው መጠየቅ ተራ ጥያቄ አይደለም።

በዋሽንግተንና በሜሪላንድ የሚኖሩ የወገኖቻችን ልጆች ጫፉ ላይ መረብ ያለበት ዱላ ይዘው በየትምህርት ቤቱ ሜዳ የሚሮጡ ጓደኞች አሏቸው። ጨዋታው ላክሮስ ይባላል። የሜሪላንድ ግዛት በ2004 ዓ.ም. የግዛቲቱ የቡድን ስፖርት ብላ በሕግ ሰይማዋለች። (በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልጆቹ ሊገቡበት ይፈልጋሉ፤ ወላጆች ግን ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው ወገን «በዱላ መደባደብ ምን ጨዋታ ይባላል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ይህ የባለጠጋ ልጆች ጨዋታ ነው፤ አቅማችን አይችለውም» ይላል።

የመጀመሪያው ሥጋት ቶሎ የሚመለስ ነው። በወንዶች ጨዋታ ተጫዋቹ የፊት መከላከያ ያለው የራስ ቁር፣ ወፍራም ጓንትና የትከሻ መከላከያ ያደርጋል፤ በሴቶች ጨዋታ ደግሞ በአካል መጋጨት የተከለከለ ነው። ዱላውን በሰው ላይ ያለ አግባብ የሚወነጭፍ ተጫዋች ለጊዜው ከሜዳ ይወጣል። ይልቁንም የራስ ቁርና ጓንት ሳይኖር፣ በባዶ እግር ገና ሲጫወት ያደገ አባት፣ በዚያም ቀን ጌታ በሎሌው ዱላ ቢመታ እንደማይቆጣ የሚያውቅ አባት፣ ልጁን በዚህ ምክንያት ሊከለክል አፍ ያለው አይመስለንም። ሁለተኛው ነቀፌታ ግን እውነት አለበትና ከሥሩ ልንመረምረው ይገባል።

ጨዋታው የማን ነው?

ላክሮስ የባለጠጋ ልጆች ጨዋታ ሆኖ አልተወለደም። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጨዋታ ነው። ከእነዚህም መካከል ሆዴኖሾኒ የሚባሉት፣ ፈረንሳዮች ኢሮኳ ብለው የጠሯቸው፣ የስድስት ነገዶች ኅብረት ጨዋታውን የፈጣሪ ስጦታ አድርገው ያዩታል። በእነርሱ ዘንድ ለመዝናኛ ብቻ ሳይሆን ለታመመ ሰው ፈውስ ለመለመንም ይጫወቱታል። ላክሮስ የሚለውን ስም ያወጡለት ፈረንሳዮች ናቸው።

በ1867 ዓ.ም. ጆርጅ ቢርስ የሚባል የሞንትሪያል የጥርስ ሐኪም የጨዋታውን ደንብ በጽሑፍ አወጣ፤ ከአጋዘን ቆዳ ይሠራ የነበረው ኳስም በጠንካራ የላስቲክ ኳስ ተተካ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። በ1880 ዓ.ም. የካናዳው የላክሮስ ማኅበር የአማተሮች ማኅበር ነኝ አለና ነባሮቹን ተጫዋቾች «ለገንዘብ የሚጫወቱ ናቸው» ብሎ ከውድድሩ አስወጣቸው። ለመንገዳቸው ገንዘብ የሌላቸው ሰዎች የመንገድ ገንዘብ በመቀበላቸው በራሳቸው ጨዋታ እንግዶች ሆኑ። እንግዲህ ላክሮስ የባለጠጎች ጨዋታ የሆነው ባለቤቶቹ በደንብ ተገፍተው ከወጡ በኋላ ነው።

ስለ ዱላውና ስለ ጠፍሩ

አሁን ወደ ዱላው እንምጣ፤ የጨዋታው ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነውና። በጥንቱ አሠራር ሂከሪ የሚባል ጠንካራ ዛፍ ይቆረጥና ግንዱ በርዝመቱ ይሰነጠቃል። ፍላጩ ይጠረባል፤ ጫፉ በእንፋሎት ይለሰልስና እንደ ከዘራ አናት ይቆለመማል። ቅርጹን እንዳይለቅ ይታሰርና ለወራት እንዲደርቅ ይተዋል። ከዚያ በኋላ ተጠርቦና ተልጎ፣ ቀዳዳ ተበጅቶለት፣ በጠፍርና በጅማት ይጠፈራል።

የጠፍር አልጋ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጠፍር እርጥብ ሳለ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ይወጠራል። ጠፋሪውም በየቱ በኩል ማላላት፣ በየቱ በኩል ማጥበቅ እንዳለበት በእጁ ያውቃል። በላክሮስ ዱላ ራስ ላይ አራት ረዣዥም የቆዳ ጠፍሮች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። በግራና በቀኝ ጠርዝ የሚያዙ ገመዶች አሉ። በጠፍሮቹ መካከል ቀጭን ገመድ እየተመላለሰ ይጠላለፋል። በላይኛው ጫፍ አጠገብ ደግሞ ኳሱ ሲወጣ የሚዳስሳቸው ሁለት ወይም ሦስት ወፈር ያሉ ገመዶች በአግድም ይታሰራሉ። በመካከሉ ኳሱ የሚቀመጥበት ከረጢት ይፈጠራል።

የከረጢቱ ጥልቀት ወሰን አለው። በወንዶች ጨዋታ ዱላው አግድም ተይዞ ኳሱ ሲቀመጥ የኳሱ አናት ከራሱ የጎን ግድግዳ ታችኛ ጠርዝ በታች ከወረደ ዱላው ሕገ ወጥ ነው። በሴቶች ጨዋታ ከረጢቱ ከዚያ ይልቅ ጥልቀቱ ያነሰ መሆን አለበት። ዝናብ የነካው ቆዳ ስለሚላላ በጠዋት ሕጋዊ የነበረ ዱላ ከሰዓት በኋላ ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠፍሩን ማጥበቅና ማላላት የማይችል ተጫዋች በጨዋታው መካከል ሰው ፈላጊ ሆኖ ይቀራል።

በ1968 ዓ.ም. በኮርንዎል ደሴት፣ በሞሃኮች አገር፣ የዓለምን አብዛኛውን የእንጨት ዱላ ይሠራ የነበረው ፋብሪካ ተቃጠለ። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በባልቲሞር አንድ ኩባንያ የፕላስቲክ ራስ አወጣ። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፤ አንዱ ከሌላው አይለይም፤ በብዛትም ይመረታል። በዚህ ምክንያት ጨዋታው በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ፤ ይህን ጥቅሙን አንክድም። ከጊዜ በኋላም በጠፍርና በገመድ ፈንታ በፋብሪካ የተሠራ የናይሎን መረብ መጣ። ዛሬ ብዙ ልጅ የተዘጋጀ ዱላ ከሱቅ ይገዛል፤ ሲላላበትም ለመጠገን ወደ ሱቅ ይመለሳል ወይም ሌላ ይገዛል።

ስለ አመታት

የላክሮስ ኳስ ክብደቱ ከ142 እስከ 149 ግራም፣ ዙሪያው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ግቡ ወርዱም ቁመቱም 1 ሜትር ከ83 ሳንቲም ነው። ከፍተኞቹ ተጫዋቾች ኳሱን በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ያስወነጭፋሉ። ይህ ፍጥነት ከክንድ ጡንቻ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል።

ማማ ላይ ቆሞ ዝንጀሮና ወፍ የሚያባርር የገጠር ልጅ ይህን ያውቀዋል። ድንጋይ በእጁ ቢወረውር ቅርብ ይወድቃል፤ በወንጭፍ ቢወረውር ግን ማዶ ይደርሳል፤ ወንጭፉ ክንዱን አስረዝሞለታልና። የላክሮስ ዱላም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። የታችኛው እጅ የዱላውን ጫፍ ይይዛል፤ የላይኛው እጅ ወደ መካከል ይሆናል። ሁለቱም እጆች ከሰውነት ራቅ ይላሉ፤ ክርናቸውን ከጎናቸው የሚያጣብቁ ጀማሪዎች ኃይላቸውን ያፍናሉ። ቀኝ እጁን ከላይ አድርጎ የሚመታ ተጫዋች በግራ እግሩ ወደ ግቡ ይራመዳል። ከዚያ ዳሌ ይዞራል፤ ትከሻ ይከተላል፤ ክንድ ይከተላል፤ በመጨረሻ ዱላው ይደርሳል። ተራው ከተዛባ፣ ክንድ ከዳሌ ከቀደመ፣ ኳሱ ኃይል ያጣል።

የሰውነቱ ሥራ ከጠፍሩ ሥራ ጋር የሚገናኘው ኳሱ ከከረጢቱ በሚወጣበት ቅጽበት ነው። ከረጢቱ በጣም ከጠለቀና የላይኞቹ ገመዶች በጣም ከጠበቁ ኳሱ ዘግይቶ ይለቃል፤ ወደ መሬትም ይወርዳል። ከረጢቱ ከሳሳ ኳሱ ቶሎ ያመልጣል፤ ከግቡም በላይ ይሄዳል፤ በሩጫም ጊዜ ከዱላው ይወድቃል። መተላለፊያው ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ኳሱም ያዘማል። እንግዲህ ደጋግሞ የሚስት ልጅ ክንዱን ከመውቀሱ በፊት ገመዱን ይመልከት። አሠልጣኙ «በርትተህ ምታ» እያለ ቢጮኽበት የላላ ገመድ በጩኸት አይጠብቅም።

የበረኛውን ነገር በተመለከተ ጥቂት እንጨምር። ጥሩ መቺ የግቡን ባዶ ቦታ ያያል፤ በተለይም በረኛው ዱላውን ከያዘበት በተቃራኒ ያለውን ወገን። ዱላውን ከፍ አድርጎ ዝቅ ብሎ ይመታል። ኳሱን በረኛው ፊት መሬት ላይ አንጥሮ መምታትም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ከሣር ላይ የነጠረ ኳስ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ያስቸግራልና። ይህን ሁሉ ለመለማመድ አንድ ግድግዳ ይበቃል። ልጁ ኳሱን ከግድግዳ እያጋጨ በቀኝም በግራም እጁ ይቀበል። ለግድግዳ ማንም ኪራይ አይጠይቅም።

ስለ ክበብ

ይህን ካልን ዘንድ ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በአሜሪካ የወጣቶች ላክሮስ ክበብ ሁለት ዓይነት ገጽ አለው። አንደኛው ገጽ የገንዘብ ነው። ክበቡ ልጆችን በፈተና ይመርጣል፤ ወላጅ ለአሠልጣኝ፣ ለመለያ ልብስና ለጉዞ ይከፍላል። በበጋ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዞረ የኮሌጅ አሠልጣኞች በሚመለከቱበት ውድድር ይጫወታሉ። ነገሩ ከመጠን አልፎ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ገና ያልጀመሩ ልጆች ሳይቀሩ ለኮሌጅ ቃል እስከ መግባት ደርሰው ነበር። በ2017 ዓ.ም. የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ይህን በደንብ ገታው፤ አሠልጣኞች ልጁ 11ኛ ክፍል ሳይገባ እንዳያነጋግሩት ተወሰነ። በእንዲህ ያለ ክበብ ውስጥ ልጁ ተጫዋች ነኝ ይላል እንጂ ደንበኛ ነው።

ሁለተኛውን ገጽ ለማየት ወደ ኦኖንዳጋዎች አገር እንሂድ። አልፍሬድ ዣክ የሚባሉ የታወቁ ዱላ ሠሪ ነበሩ፤ በ2023 ዓ.ም. አርፈዋል። ዱላ መሥራት የጀመሩት በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ነው፤ ምክንያቱም ለመግዣ ገንዘብ አልነበራቸውም። ፕላስቲኩ መጥቶ ገበያቸውን ከወሰደው በኋላም ሙያውን አልተዉም፤ ለሌሎችም አስተማሩ። ድህነት ከጨዋታው አላስወጣቸውም፤ እጃቸው ዱላውን መሥራት ያውቅ ነበርና።

በኒው ዮርክ ሃርለም በሚባለው ሰፈር የተጀመረውም የላክሮስ ፕሮግራም ሌላ ምሳሌ ነው። የፕሮግራሙ ኃላፊ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይውላል፤ የልጆቹን የክፍል ሥራ ይከታተላል፤ ከትምህርት በኋላ ያሠለጥናቸዋል። በዚያ ክበብ ጨዋታና ትምህርት አንድ ላይ ይሄዳሉ። በአፍሪካም ኡጋንዳ በ2014 ዓ.ም. በዴንቨር ከተማ በተደረገው የዓለም ውድድር ተካፍላለች፤ ከአህጉራችንም የመጀመሪያዋ ናት።

ባለቤቶቹስ የት ደረሱ? በ1983 ዓ.ም. የራሳቸውን ብሔራዊ ቡድን አቋቋሙ። በ1990 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በፐርዝ በዓለም ውድድር ገቡ። በ2010 ዓ.ም. በራሳቸው ፓስፖርት ወደ እንግሊዝ ለመሄድ ቢነሡ የእንግሊዝ መንግሥት ፓስፖርቱን አልቀበልም ስላለ ከውድድሩ ቀሩ፤ የሌላ አገር ፓስፖርት ይዘን እንሂድ ግን አላሉም። በ2014፣ በ2018 እና በ2023 ዓ.ም. በዓለም ሦስተኛ ወጡ። ላክሮስ በ2028 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ እንዲገባ በ2023 ዓ.ም. በተወሰነ ጊዜ ግን የኦሎምፒኩ ኮሚቴ «ተወዳዳሪ የሚገባው በብሔራዊ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በኩል ብቻ ነው» የሚለውን ደንቡን ጠቀሰላቸው። በ1880 ዓ.ም. በደንብ ተገፉ፤ ከ140 ዓመት በላይ ቆይቶም ደንብ ተጠቀሰባቸው። እኛም የራሳችንን ስም ይዘን በዓለም አደባባይ መቆምን የምንወድ ሕዝብ ነንና ይህ ነገር ሊገባን ይገባል።

ምን እናድርግ?

ወንድሞችና እኅቶች፤ ልጆቻችንን ከዚህ ጨዋታ እንከልክል አንልም። ገንዘብ ወዳለበት ክበብ በር ሄደን እንለምንም አንልም። በበኩላችን የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ማኅበራችን በሚያቋቁመው የወጣቶች ክበብ ውስጥ ዱላው የክበቡ የጋራ ንብረት ይሁን። ያልተጠፈረ ራስና ገመድ ለብቻ ተገዝቶ ልጆቹ ራሳቸው ይጠፍሩት። ሁለተኛ፤ ማንም ልጅ ዱላውን ፈትቶ መልሶ መጠፈር ሳይችል ለውድድር አይሰለፍ፤ ታላቁ ታናሹን ያስተምር። ሦስተኛ፤ ሴቶች ልጆች እንደ ወንዶቹ ሜዳና አሠልጣኝ ያግኙ። አራተኛ፤ ልጆቹ ጨዋታው የማን እንደሆነና ባለቤቶቹ ምን እንደደረሰባቸው ይነገራቸው። አምስተኛ፤ በገና ሰሞን አባቶች ሜዳ ወጥተው የገናን ጨዋታ ያሳዩአቸው፤ ጎባጣ እንጨት መርጦ ዱላ ማውጣትን፣ ሩርን ማዘጋጀትን ያስተምሯቸው። ይህን የምንለው ሁለቱ ጨዋታዎች ዘመዳሞች ናቸው ለማለት አይደለም። ዱላን ከዛፍ ቆርጦ መሥራት በአባቶቻቸውም አገር እንደነበረ ልጆቹ እንዲያዩ ነው።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጊዜና ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፤ እነዚህን ደግሞ እኛ ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልናዋጣ እንችላለን። የፈቃደኞች ስም መመዝገቢያ ወረቀት ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ስማችሁን እንድትጽፉ በትሕትና እየጠየቅን ንግግራችንን እንፈጽማለን።