ቆራሌው ሳይጠራ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አሮጌ መጽሔት ልናገር ስነሣ «እድርና መጽሔት ምን አገናኛቸው?» የምትሉ አትጠፉም። ይገናኛሉ። እኛ ቀብረን፣ ድንኳኑን ነቅለን ከተመለስን በኋላ የሟቹ ሣጥን ይከፈታል። ልብሱ ለዘመድ፣ ዕቃው ለወራሽ ይሆናል። ወረቀቱ ግን «ይሄ ደግሞ አቧራ ነው» ይባልና ለቆራሌው በኪሎ ይሰጣል። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ የምን አለሽ ተራ ሰው ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?

መቼም በኛ ሰፈር ዕቃ ሞቶ አይቀርም። ጣሳው ኩራዝ፣ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል። ወረቀት ብቻ ነው ዕድለ ቢስ፤ የቆሎና የበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ አንድ ቀን ውሎ ያልቃል። ድሮማ የጭቃ ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ቤት ያሳምር ነበር።

እንግዲህ በዚያ ክምር ውስጥ ምን ምን አለ? በ1950ዎቹ ትወጣ የነበረችው መነን ልትገኝ ትችላለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያሳትሟት የነበረችው ስትራግልም እንዲሁ። ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው በእርሷ ላይ ነው፣ በኅዳር 1962 ዓ.ም.። አገር እስከ ዛሬ የሚከራከርበት ጽሑፍ እኮ ጥቂት ገጽ ነው፤ አንድ እፍኝ ቆሎ ይጠቀለልበታል!

ከአብዮቱ በኋላ ጎህ ወጣች፣ ቆይታም የካቲት መጣች። የኢሕአፓዋ ዴሞክራሲያ ደግሞ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ትዞር ነበር። በ1969 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳው ሲመጣ ስንቱ ወረቀቱን በምድጃ አቃጠለ፣ ስንቱ ሽንት ቤት ጨመረ! ማንም አይፈርድበትም፤ ነፍስ ከወረቀት ትበልጣለች። የዚያ ዘመን ወረቀት ብርቅ የሆነው ግን በዚህ ነው። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ የወጡትን፣ እንደ ጦቢያ ያሉትን፣ «የትናንት ናቸው» ብለን እንንቃቸዋለን። እነሱም እያለቁ ነው።

ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሁሉ ሽፋን ያሳድዳል። እኔ ሽፋኑ ተገንጥሎ ውስጡ የተሟላውን እመርጣለሁ። የሯጭና የዘፋኝ ሥዕል እየቆረጡ ግድግዳ ላይ የለጠፉ ጎረምሶች ስንቱን ቅጽ አበላሽተውብናል! በዳሩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር ካለ ደግሞ አታጥፉት፤ አንባቢው ምን እንዳሰበ የሚናገር እርሱ ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡ፣ በክረምት እርጥበት ይስባል። የዛገ ስፒል ይነቀል። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ውሎ አድሮ ቢጫ ሆኖ ፊደሉን ይበላዋል።

«ወመዘክር አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ስድስት ኪሎም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ነገር ግን ሁሉም ቁጥር እዚያ ተሟልቷል ብሎ እጅን ማጣጠፍ አይገባም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ጸሐፊያችን የእድሩን ገንዘብ ለቤተ ዘመድ ሲያስረክብ አንድ ቃል ይጨምርልን፦ «ወረቀት ካለ፣ ቆራሌው ሳይጠራ ንገሩን»። ቤተሰቡ እንዳይጎዳ ቆራሌው የሚሰጠውን ዋጋ ማኅበሩ ይክፈል፤ የግል ደብዳቤና ሰነድ ተለይቶ ለልጆቹ ይመለስ። ድንኳኑና ብረት ድስቱ በሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ውስጥም አንድ መደርደሪያ ይፈቀድ። መደርደሪያውን እኔ አሠራለሁ። ጉባኤው ድምፅ ይስጥበት።