ለቀብር የምናዋጣ፣ ለመዳንስ?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው «ስለ ጤና ጥቂት ቃል አሰማን» ብሎ ሲያዘኝ፣ ስለ ውሃ ማፍላትና ስለ እጅ መታጠብ እንድናገር የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። እሱንማ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ነግረውናል። እኔ የማነሣው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የሕክምና ገንዘብ ከየት ይምጣ፣ ሸክሙን ማን ይሸከም፣ ከተከፈለ በኋላስ ማን ይጠየቅ የሚለው ነው።

እንደምታውቁት ዕድራችን በቀብር በኩል የሚታማ አይደለም። ሰው ሲሞት ጥሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩና ሳህኑ ይወጣል፣ ገንዘቡም ሳይውል ሳያድር ለቤተሰቡ ይደርሳል። ታዲያ ይኸው ሰው በሕይወት ሳለ፣ ታሞ ሦስት ወር ሲተኛ፣ ምን አደረግንለት? እየሄድን ጠየቅነው፣ «እግዜር ይማርህ» አልነው፣ ተመለስን። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ላሚቱ ተሸጣለች፣ ልጁ ከትምህርት ቀርቷል፣ ሚስቲቱ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ያመጣችው ብር መርፌና ክኒን ሆኗል። ዕድሩ ገንዘቡን ይዞ ሲደርስ ቤቱ ባዶ ነው። ለሞተው ገንዘብ ያልጠፋ፣ ለታመመው እንዴት ጠፋ? ጥያቄው ይህ ነው።

ይህ የካራ ሰው ችግር ብቻ አይደለም። የ2009 ዓ.ም. ሀገር አቀፍ የጤና ወጪ ሂሳብ እንደሚያሳየው፣ በኢትዮጵያ ለጤና ከወጣው ከእያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ 31 ብር ያህሉ በቀጥታ ከታማሚው ኪስ የወጣ ነው። ከኪስ መክፈል ማለት ደግሞ በጤና ጊዜ ሳይሆን በሕመም ጊዜ፣ ሠርተን በምናገኝበት ቀን ሳይሆን በተኛንበት ቀን መክፈል ማለት ነው። ከዚህ የከፋ የመክፈያ ቀን የለም።

በእርግጥ ሁሉም ነገር በገንዘብ አይደለም። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ፣ እነዚህ በነጻ የሚሰጡ ናቸው። ይህን የማታውቅ እናት ካለች ዛሬ ትወቅ፤ ለወሊድ ገንዘብ የለኝም ብላ ቤቷ የምትቀር እናት በዚህ ሰፈር ልትኖር አይገባም።

ለቀረው ሕመም መንግሥት ያመጣው መላ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚባለው ነው። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። በአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በአማራ ክልል የአንድ ቤተሰብ መዋጮ በዓመት 144 ብር፣ ማለትም በወር 12 ብር ነበር። ፌዴራል መንግሥቱ ከተዋጣው ላይ 25 በመቶ እየጨመረ ይደጉም ነበር፤ የመክፈል አቅም የሌላቸውን ደግሞ ማኅበረሰቡ ራሱ እየመረጠ፣ ወረዳውና ክልሉ እንዲከፍሉላቸው ተደረገ። ኋላም ወደ ሌሎች ወረዳዎችና ወደ ከተማችን ተስፋፋ። መዋጮው እየተሻሻለ ስለሚሄድ የዘንድሮውን ከወረዳችን መጠየቅ ነው።

ይህን ስሰማ እኔ በመሠረቱ አዲስ ነገር ሆኖ አልታየኝም። ያው ዕድር እኮ ነው! ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፣ የደረሰበት ሰው ይረዳል፣ ያልደረሰበትም «ገንዘቤን በላችሁብኝ» አይልም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ! አንዳንዱ «እስካሁን አልታመምኩም፣ ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። ለመሆኑ በዕድራችን 20 ዓመት ከፍሎ ሬሳ ያልወጣበት ቤት የለም ወይ? ያ ሰው ከሰረ እንላለን? «ሲያመኝ እገባለሁ» የሚለውንም ዕድራችን መልሶለታል። በሽተኛው እያጣጣረ መዝግቡኝ የሚልን ሰው አናስገባም፤ መግቢያውን ከፍሎ ጊዜውን ይጠብቃል። የጤና መድንም በዓመት ውስጥ በተወሰነ ወቅት የሚመዘግበው በዚሁ ምክንያት ነው። የታመመ ብቻ ከገባ ሣጥኑ በአንድ ክረምት ያልቃል።

የሩቁን እንይ ካልን ደግሞ፣ በብሪታንያ ዌልስ በምትባለው አገር ትሬዴጋር የተባለች የድንጋይ ከሰል ከተማ አለች። የከሰል ቆፋሪዎቹና የብረት ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው ጥቂት ሳንቲም እያዋጡ ሐኪም ቀጠሩ፣ መድኃኒት ገዙ፣ ሆስፒታልም ያዙ። የዚያች ከተማ ልጅና እሱም ከሰል ቆፋሪ የነበረው አኑሪን ቤቫን የጤና ሚኒስትር በሆነ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ለመላው ብሪታንያ ያቋቋመው የጤና አገልግሎት የዚያን መዋጮ አርአያ የተከተለ ነበር። የሰፈር መዋጮን አትናቁት ለማለት ነው።

አሁን ግን ወደ መራራው ነገር ልግባ። በመጀመሪያ ስለ ፍትሕ። መዋጮው በቤተሰብ እኩል ከሆነ፣ ባለ ፎቁና እንጨት ተሸካሚዋ አንድ ዓይነት ይከፍላሉ ማለት ነው። ለአንዱ የአንድ ቀን ምሳ ነው፣ ለሌላዋ የብዙ ቀን ሸክም። በነጻ የሚታከሙት ድሆች ዝርዝር ሲወጣም፣ ከሰው ጋር የማትገናኘው ብቸኛ አሮጊት ትረሳለች፤ መናገር የሚችለው ይጻፋል። ማን እንደተቸገረ ከዕድር የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስለሆነም ዝርዝሩ ሲወጣ ዝም ብለን መቀመጥ የለብንም።

ሁለተኛው ስለ ተጠያቂነት ነው። ከሁሉ የበዛው ቅሬታ «መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ» የሚለው ቃል ነው። አባሉ መዋጮውን ከፍሏል፣ ወረፋ ጠብቋል፣ በመጨረሻ ወረቀት ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት «አላድስም» ቢል ይፈረድበታል?

ይሁን እንጂ መድኃኒት ማጣት ከሰማይ የወረደ መዓት አይደለም። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተጀመረ አንድ አሠራር አለ። መድኃኒት ሲሰጥ ስሙና ዋጋው በደረሰኝ ይጻፋል፣ የገባውና የወጣው በየወሩ ይቆጠራል፣ ሂሳቡም ለኦዲት ክፍት ይሆናል። አሠራሩ ሲለመድ መድኃኒቱ መገኘት ጀመረ፣ ብክነቱም ቀነሰ፤ የአማራ ክልልም ሕግ አወጣለት፣ ወደ ሌሎች ክልሎችም ሄደ። ይህ ታዲያ የእኛው ገንዘብ ያዥ በካርኒ የሚሠራው ሥራ አይደለም እንዴ!

ሌላም መብት አለን። በ1990 ዓ.ም. በጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ መሠረት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የሰበሰቡትን ገንዘብ ራሳቸው ይዘው ለመድኃኒትና ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት፣ ሥራቸውንም የሕዝብ ተወካይ ያለበት ቦርድ እንዲመራው ተደርጓል። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ በጤና ጣቢያችን ቦርድ ውስጥ የእኛ ተወካይ ማነው? እጁን የሚያወጣ አላይም።

«መንግሥት ያልቻለውን ዕድር ይቻለው?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ዕድር ሆስፒታል ይሥራ አላልኩም። የቀብሩም ገንዘብ ይነካ አላልኩም። የምጠይቀው አራት ነገር ብቻ ነው።

1ኛ፤ በወርኃዊ ክፍያችን ቀን የጤና መድን መታወቂያ ያለውና የሌለው አባል ይመዝገብ፤ የማደሻው ጊዜ ሲደርስም ለቀብር የሚለፍፈው ሰው ለዚህም ይለፍፍ።

2ኛ፤ በመንግሥት ዝርዝር ያልገቡ ችግረኛ አባላት መዋጮ ከልዩ ልዩ ገቢያችን፣ ከድንኳንና ከዕቃ ኪራይ፣ ይከፈል።

3ኛ፤ ሦስት ሰዎች፣ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች፣ ተመርጠው «የለም» የተባለውን መድኃኒት ስምና ቀን በመዝገብ ይያዙ፤ በየሦስት ወሩም ለጤና ጣቢያው ቦርድና ለወረዳው ያቅርቡ። በአፍ የተነገረ ቅሬታ ነፋስ ይወስደዋል፣ የተጻፈ ግን መልስ ይፈልጋል።

4ኛ፤ እነዚህ ሰዎች በሚመጣው ዓመት እዚሁ ቆመው ያገኙትን መልስ ሪፖርት ያድርጉ፤ እኛም ኮሚቴያችንን እንደምንጠይቀው እንጠይቃቸው።

ለባለሙያዎቹም አንድ ቃል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ፣ እዚሁ ጎረቤታችን በሆነው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል በሽተኛ ተቀብለው ያከሙ ነርሶችና ሐኪሞች የማን ልጆች እንደነበሩ አንረሳም። ተጠያቂነት ስንል መድኃኒት በሌለበት ክፍል የቆመችውን ነርስ እንስደብ ማለት አይደለም። እሷም መድኃኒቱ ቢኖር ትወዳለች። የሚጠየቀው ሂሳቡ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ዕድራችን እስከ ዛሬ አመዱን ሲያፍስ ኖሯል፤ ያንንም በክብር አድርጓል። ከእንግዲህ ቅጠሉንም እንያዝ። አራቱ ነጥቦች ዛሬውኑ ለድምፅ እንዲቀርቡ ክቡር ዳኛውን በአክብሮት እየጠየቅሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።