ዲስኩ ቢፈታም ባይፈታም

አቅራቢ፦ ላፕቶፑ ቡና ፈሰሰበትና አልነሳ አለ እንበል። የቀድሞዎቹ ብሎናቸው ተፈትቶ፣ ዲስኩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ፣ በውስጡ ያለው የሠርግ ቪዲዮ ይገኝ ነበር። በአሁኖቹ ማክቡክ ላፕቶፖች ግን ማከማቻው ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ መረጃው የተቆለፈበት ቁልፍም እዚያው ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ነው። ማዘርቦርዱ ከሞተ ቪዲዮውም አብሮ ይሄዳል።

ኦስሎ ላላችሁ፣ የኖርዌይ የሸማቾች ሕግ ላፕቶፕን ለመሰሉ ዕቃዎች እስከ 5 ዓመት ጉድለት የማመልከት መብት ይሰጣል። ጉድለት ያለበት ዕቃ ሊተካ ይችላል፤ ቪዲዮውን ግን ማን ይተካል?

ታዲያ የሚፈታ ዲስክ ይበቃል? እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 2019 ዋና መሥሪያ ቤቱ ኦስሎ የሆነው የአሉሚኒየም አምራች ኖርስክ ሃይድሮ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ በሚጠይቅ ቫይረስ ተመታ። ችግሩ የዲስክ መሰበር አልነበረም፤ ፈትቶ ማውጣት ምንም አይፈይድም። ኩባንያው አልከፍልም አለ። አንዳንድ ፋብሪካዎቹ በወረቀትና በእጅ እየሠሩ፣ ፋይሎቹን ከመጠባበቂያ ቅጂ መለሰ።

እኔ ስገዛ የሚፈታውን እመርጣለሁ፤ ለጥገና ይመቻል። ቅጂው ግን የግድ ነው። ውጫዊ ዲስክ ላይ ስትገለብጡ፣ ሲያልቅ ንቀሉት፤ እንደተሰካ ከቀረ ቫይረሱ እሱንም ሊቆልፈው ይችላል።