የስም ርስት፦ ለድርጅቶች የማርኬቲንግ ገጾች ሰብዶሜይን ስለ ማዘጋጀት በተሰናዳ ሥልጠና ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ከየድርጅቱ የማርኬቲንግና የአይቲ ክፍል የመጣችሁ የዚህ ሥልጠና ተካፋዮች፤

ቃልንና ሥዕልን የሚያሰናዱት ሰርቨርንና ኔትወርክን ከሚጠብቁት ጋር በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይ የሚሰማኝ ደስታ ከልብ የመነጨ ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ የምንመክርበት ጉዳይ ከሁለቱ ወገን አንዱ ብቻውን ሊፈጽመው ሲሞክር ምን እንደሚደርስ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት እሠራበት የነበረ አንድ ድርጅት፣ ለአዲስ ምርቱ ማስተዋወቂያ የሚሆኑትን ገጾች ከውጭ አገር በተከራየው የገጽ መሥሪያ አገልግሎት ላይ አዘጋጀ። ገጾቹ እጅግ ያማሩ ነበሩ፤ አድራሻቸው ግን በአገልግሎት ሰጪው ስም የተጠራ፣ የእኛም ስም በስተኋላው የተቀጠለበት ነበር፤ ይኸው አድራሻ በምርቱ ካርቶን ጎን ላይ ታተመ። ውሉ አልቆ ወደ ሌላ አገልግሎት ሰጪ በተዛወርን ጊዜ ጽሑፉንና ሥዕሉን ይዘን ሄድን፤ አድራሻው ግን ቀድሞውንም የእኛ አልነበረምና ከኋላችን ቀረ። የመጋዘን ሠራተኞች አዲሱን አድራሻ የያዘ ቁራጭ ወረቀት በየካርቶኑ ላይ ሲለጥፉ ሦስት ቀን ዋሉ፤ ሙጫ የደረቀባቸው ጣቶቻቸው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፉም።

አባቶቻችን ርስተኛውን ከአራሹ ለይተው ያውቁ ነበር። የአንድ ድርጅት ዶሜይን ርስቱ ነው፤ እርግጥ ነው፣ በየዘመኑ የእድሳት ክፍያው ካልተከፈለለት የሚነጠቅ ርስት ስለሆነ ቀኑን የሚጠብቅ ሰው በስም ሊመደብለት ይገባል። ሰብዶሜይን ደግሞ ከዚሁ ርስት ላይ ተከልሎ ለአንድ ተለይቶ ለታወቀ ሥራ የሚሰጥ ቁራሽ መሬት ነው፤ የሚያርሰው የተከራየነው አገልግሎት ሰጪ ሊሆን ይችላል፤ ድንበሩ ግን የእኛ ነው፤ አራሹ ቢለወጥም የቦታው ስም አይለወጥም፤ በካርቶኑም ላይ ወረቀት የሚለጥፍ አይኖርም።

የዚህ የስም ሥርዓት አመጣጥ ራሱ ይህንኑ ያስረዳል። በመጀመሪያው ዘመን በኔትወርኩ የተያያዙት ኮምፒውተሮች ስም ሁሉ የሚጻፈው በካሊፎርኒያ በሚገኘው በኤስ.አር.አይ. ተቋም፣ ኤሊዛቤት ፋይንለር የምትመራው ክፍል በሚጠብቀው በአንድ ፋይል ውስጥ ነበር፤ የኮምፒውተሩ ቁጥር እየበዛ በሄደ ጊዜ ግን አንድ መዝገብ ለሁሉ ሊበቃ ስላልቻለ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ፖል ሞካፔትሪስ ዛሬ ዲኤንኤስ የምንለውን ሥርዓት ደነገገ። የሥርዓቱም ዋና ምስጢር የሥልጣን ክፍፍል ነው፤ እያንዳንዱ ባለ ስም ከስሙ በታች ያለውን ራሱ ያስተዳድራል። የአገራችን ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ የራሱን ስም አስቀድሞ የአባቱንና የአያቱን ስም እንደሚያስከትል፣ «ገበያ ነጥብ ድርጅት ነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ» የሚል አድራሻ ሲጻፍም ልጁ ገበያ፣ አባቱ ድርጅቱ፣ አያቱ ኮም፣ ቅድመ አያቱም የኢትዮጵያ መለያ የሆነው ኢቲ ነው። ድርጅቱ በገዛ ዶሜይኑ ሥር አዲስ ልጅ ሲሰይም የማንንም ፈቃድ አይለምንም፤ ሌላ ዶሜይንም መግዛት አያስፈልገውም። ስም ማውጣት እንዲህ ቢቀልም ግን ስሙን ለአንድ በዓል ቅናሽ ብቻ እንዳታወጡት እለምናችኋለሁ፤ ቅናሹ በሳምንት ያልፋል፤ ስሙ ግን ዓመታት ይኖራል።

ወደ አሠራሩ ስንገባ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ሲኔም የሚባለው አንድ መስመር መዝገብ ነው፤ ትርጓሜውም «ይህ ስም የዚያ ስም ሌላ መጠሪያ ነው» ማለት ነው። ሲኔም ባለበት ስም ላይ ሌላ መረጃ እንዳይጻፍ ሥርዓቱ ስለሚከለክል፣ የራሱ የግድ መዝገቦች ባሉት በዋናው ዶሜይን ላይ ሊቀመጥ አይችልም፤ የማርኬቲንግ ገጾችን በሰብዶሜይን የምናኖርበትም አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው።

በዚህ መስመር መጨረሻ ላይ ስላለችው ነጥብ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ዓረፍተ ነገር ያለ አራት ነጥብ እንደማይዘጋ፣ የዶሜይኑ መዝገቦች በሰፈሩበት በዞን ፋይል ውስጥ የሚጻፍ ምሉእ ስምም ያለ መጨረሻዋ አንዲት ነጥብ አይዘጋም፤ ነጥቧ ከቀረች ሰርቨሩ ስሙ ገና አላለቀም ብሎ የድርጅቱን ዶሜይን ከኋላው ይቀጥልበታል፤ በዓለም ላይ የሌለ አድራሻም ይፈጠራል። አንድ ሌሊት ሙሉ ከአንድ ወጣት ባልደረባዬ ጋር ኬብልና ፋየርዎል ስንመረምር አድረን፣ ሊነጋጋ ሲል እርሱ ጣቱን በስክሪኑ ላይ አኑሮ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ነጥብ የለም» አለኝ። አንዳንዱ የመቆጣጠሪያ ገጽ ነጥቧን ራሱ ይጨምራል፤ አንዳንዱ አይጨምርም፤ ስለዚህ የጻፋችሁትን ብቻ ሳይሆን የተመዘገበውን ተመልከቱ።

ሌሎች ሰርቨሮች መዝገቡን ይዘው የሚቆዩበት ጊዜ በሴኮንድ ይቆጠራል፤ 86400 ከሆነ አንድ ሙሉ ቀን ነው፤ ለውጥ ከማድረጋችሁ ከአንድ ቀን በፊት ወደ 300 ዝቅ አድርጉት። የደኅንነት ሰርተፍኬትም በአዲሱ ስም መውጣት አለበት፤ አለዚያ ደንበኛው ማስታወቂያውን ነክቶ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚያነበው የብራውዘሩን ማስጠንቀቂያ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ሰርተፍኬት ሰጪ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የቆየው ሰርተፍኬት ዕድሜው 90 ቀን በመሆኑ፣ እድሳቱ በሰው ትዝታ ሳይሆን በራሱ እንዲፈጸም መደረጉን አረጋግጡ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን መጀመሩ ሳይሆን ማብቃቱ ነው። ዘመቻው አልፎ፣ ውሉ ተቋርጦ፣ ገጹ ከአገልግሎት ሰጪው ዘንድ ተሰርዞ ሳለ፣ ሲኔሙ ብቻ በመዝገባችን ውስጥ ተረስቶ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ያ መስመር አጥሩ ፈርሶ ባለቤቱ የማይጎበኘው መሬት ነው፤ በአንዳንዱ አገልግሎት ላይ ማንም ባዕድ ሰው የራሱን አካውንት ከፍቶ ያንን ስም የእኔ ነው ሊል፣ በእኛም ስም የሐሰት የክፍያ ገጽ ሊያቆም ይችላል። ያን ጊዜ ደንበኛችን አድራሻውን ተመልክቶ በትክክል የእኛ መሆኑን አንብቦ ያምናል፤ ማመኑም ጥፋት አይሆንበትም። ስለዚህ ውል የሚያቋርጠው የማርኬቲንግ ሹም በዚያው ዕለት ለአይቲው ባልደረባው እንዲነግር፣ እርሱም መስመሩን በዚያው ዕለት እንዲሰርዝ በጽሑፍ የተደነገገ ሥርዓት ይኑራችሁ።

የዛሬው የመጀመሪያ ልምምድም እንዲህ ያሉትን የተረሱ መስመሮች መፈለግ ነው። ከአንድ ድርጅት የመጣችሁ አንድ የማርኬቲንግና አንድ የአይቲ ሰው ሁለት ሁለት ሆናችሁ በአንድ ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣላችሁ፤ የድርጅታችሁን የዲኤንኤስ መዝገብ ከላይ እስከ ታች ታነባላችሁ፤ ወዴት እንደሚያመለክት ሁለታችሁም የማታውቁትን መስመር ሁሉ በወረቀት ላይ ታሰፍራላችሁ። ከሻይ ዕረፍት በኋላ ያንኑ ወረቀት ይዘን እንገናኛለን፤ ሥልጠናው በይፋ መከፈቱንም በአክብሮት አስታውቃለሁ።