ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ውሃ

ሰላም፦ ዳዊት፣ ራዲያተሩ ሲጎድል ያገኘውን ውሃ የሚሞላ አሽከርካሪ ብዙ ነው። ጉዳት አለው?

ዳዊት፦ በጣም እንጂ! የቧንቧም ሆነ የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም አለው። ውሃው ሲሞቅ ማዕድኑ በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ ይጋገርና ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ውሃው ጨዋማ ከሆነ ደግሞ አሉሚኒየሙን እየበላ ይበሳዋል።

ሰላም፦ ኩላንት ግን የሚያስፈልገው ለበረዶ አገር ነው ይባላል።

ዳዊት፦ ብዙ ሞተር ያበላሸው ይህ አባባል ነው። ኩላንት ውስጥ ብረቱን፣ መዳቡንና አሉሚኒየሙን ከዝገት የሚጠብቅ ንጥረ ነገር አለ። የመፍያ ሙቀቱንም ከፍ ያደርጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ክፍት ዕቃ ላይ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተርም የሚሠራው ወደ 90 ዲግሪ ተጠግቶ ነው።

ሰላም፦ እንግዲያው ክዳኑ ላልቶ ግፊት ካልያዘ...

ዳዊት፦ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ቴስታው ሊጣመም ይችላል።

ሰላም፦ አድማጮቻችን፣ ኩላንቱን በዲስቲልድ ውሃ እኩል በእኩል በጥብጡ፤ የተለያየ ዓይነት አታደባልቁ፤ አምራቹ ባዘዘው ጊዜ ቀይሩ። ሞተሩ ሳይበርድ ደግሞ ክዳኑን በፍጹም አትክፈቱ።