የሕግ ክፍሎች በአንድ የእንሰት ጓሮ ላይ
(ለሕግ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ሕግ በትምህርት ቤት የሚሰጠው ተከፋፍሎ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንድ ወገን፣ ፍትሐ ብሔሩ በሌላ ወገን፣ የወንጀል ሕጉ ደግሞ ለብቻው ይጠናል። ባለጉዳይ ግን ችግሩን ከፋፍሎ ወደ ፍርድ ቤት አይመጣም። የሕግ ሰው የመጀመሪያ ሥራ ከአንድ ታሪክ ውስጥ ልዩ ልዩ የሕግ ጥያቄዎችን ለይቶ ማውጣት ነው።

ለምሳሌ ያህል በዳሞት ጋሌ ወይም በቦሎሶ ሶሬ አንድ ገበሬ ሞተ ይባል። ቤት፣ የእንሰት ጓሮና ጥቂት የእርሻ መሬት ትቷል። ወንዶቹ ልጆች ሁሉንም ተካፈሉ። ያገባችው እኅታቸው ድርሻዋን ብትጠይቅ «ሴት ልጅ የባሏ ቤት አላት» ተባለች። በጓሮው ዳር የተከለችውን ጎደሬ ነቀሉባት፤ በክርክሩም መካከል አንደኛው ወንድሟ በዱላ መታት። በወላይታ ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ በመሆኑ እንዲህ ያለው ክርክር የአንድን ቤተሰብ ኑሮ የሚወስን ነው።

በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ መሬቱ የማን ነው የሚለው ሲሆን፣ ይህ የሕገ መንግሥት ጥያቄ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን አስቀርቶ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ይሁን እንጂ ይኸው አንቀጽ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ባፈራው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለው፣ ሊያወርሰውም እንደሚችል ይገልጻል። ስለዚህ ሟቹ በቤቱ ላይ ባለሀብት ነበር፤ በመሬቱ ላይ ግን የነበረው የይዞታ መብት ነው። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች በመሬት አጠቃቀምም ሆነ በውርስ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል።

ሁለተኛው የፍትሐ ብሔር ጥያቄ ነው። የሴት ልጅ ድርሻ ትናንት የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 837 የወራሽ ጾታ መብቱን እንደማይነካ፣ በቁጥር 842 ልጆች እኩል እንደሚወርሱ ደንግጎ ነበር። በቁጥር 3347ም በሕጉ ውስጥ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማዳዊ ሥርዓት ሽሮታል። ሕጉ ከተጻፈ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እስከ ገበሬው ደጃፍ የሚያደርሰው ግን የሕግ ባለሙያው ነው።

ሦስተኛው የአስተዳደር ሕግ ጥያቄ ነው። የይዞታው አተላለፍ የሚመራው በገጠር መሬት ሕግ ነው። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456/1997 በቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ወላይታም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል፣ ሶዶም የክልሉ የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። ስለዚህ ተማሪው የፌዴራሉንና የክልሉን ሥልጣን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ለምሳሌ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በክልሎች የሚሠራ አይደለም፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ።

አራተኛው የወንጀል ጥያቄ ነው። በዱላ መምታት ከተበዳይዋ አልፎ መንግሥትንም የሚመለከት በመሆኑ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ይሆናል። ተከሳሹ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያልተከለከለ ድርጊትም በዳኛ ፈቃድ ወንጀል አይሆንም። እኅቲቱ ለጉዳቷና ለጎደሬዋ ካሣ መጠየቅ ብትፈልግ ግን ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። በዚህ ክርክር የማስረጃው ሚዛን ቀለል ያለ ነው። በመሆኑም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149 መሠረት ተከሳሹ በወንጀል ነፃ መውጣቱ የካሣውን ዳኛ አያስገድደውም።

በመጨረሻ የሥነ ሥርዓቱና የሽምግልናው ነገር ይመጣል። በወላይታ የዘመን መለወጫ በጊፋታ የተጣላ ይታረቃል፤ ይህ መልካም ልማድ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በባሕል ሕግ እንዲዳኙ በር ከፍቷል። ሆኖም ይህ የሚሆነው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። እኅቲቱ በሽማግሌ ፊት ዝም ማለቷ እንደ ፈቃድ መቆጠር የለበትም። ደግሞም ዕርቁ ሲጓተት ጊዜው ይሄዳል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1000 መሠረት የወራሽነት ጥያቄ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በኋላ ሦስት ዓመት ካለፈ በይርጋ ሊታገድ ይችላል። ካሣ ለመጠየቅ ደግሞ ቁጥር 2143 የሚሰጠው ጊዜ በመሠረቱ ሁለት ዓመት ነው።

እንግዲህ በአንድ የእንሰት ጓሮ ላይ አምስት የሕግ ክፍሎች ተገናኝተዋል። ተማሪው ሁሉንም በቃሉ ቢይዝ እንኳ እኅቲቱ ከደጁ ስትመጣ አስቀድሞ ሊጠይቃት የሚገባው «አባትሽ የሞቱት መቼ ነው? ወንድሞችሽ መሬቱን መያዛቸውን ያወቅሽው መቼ ነው?» ብሎ ነው። የቀረው መብቷ ሁሉ በዚህ መልስ ላይ ሊንጠለጠል ይችላልና።