የአክስል ጎማ ሽፋን፦ ስለ አንዲት ርካሽ የመኪና ክፍልና ስለ ራያ ደለል



ዛሬ የምናገረው መዳፍ ላይ ስለሚያርፍ አንድ ጎማ ነው። እንደ አኮርዲዮን እየታጠፈ የሚዘረጋው የአክስል ሽፋን በምንማርባቸው የማሽን ዲዛይን መጻሕፍት ከሥዕል ግርጌ በአንድ ቃል ይታለፋል። ጥርሱን፣ ዘንጉንና ኩሽኔታውን በቀመር እናሰላለን፤ ሽፋኑን ማንም አያሰላውም። ጋራዥ ውስጥ ግን ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚሞተው እርሱ ነው፤ ሲሞትም ብቻውን አይሞትም።

ነገሩን ከምናውቃት መኪና ልጀምር። ሰዉ ቮልስ የሚላት አሮጌዋ ቮልስዋገን ቢትል ዛሬም በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ትታያለች፤ የመጨረሻዋ ቢትል ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2003 ነው። በቀደሙት ሞዴሎች የኋላው አክስል በቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ቱቦው ከካምቢዮው ጎን ላይ ታጥፎ እንደ ክንፍ ከፍና ዝቅ ይላል። ያንን መታጠፊያ የሚዘጋው ጎማው ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ከጎማው በስተጀርባ ያለው የካምቢዮው ዘይት ራሱ ነው። ማርሹና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ውስጥ ስለሆኑ ሁለቱም የሚተዳደሩት በዚያው ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ዘይት ነው። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ የምትታይ አንዲት ስንጥቅ ካምቢዮውን በሙሉ ልታደርቀው ትችላለች።

የስፖርት መኪና ለምትወዱ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረው ፖርሽ 356 የኋላ አክስሉን አሠራር የወረሰው ከቢትል ነው። በሰብሳቢዎች ጋራዥ ተሸፍኖ የሚቀመጠው ውድ መኪናና የእኛዋ ቮልስ በአንድ ዓይነት በሽታ ይታመማሉ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሽፋን አንድ ወጥ ቀለበት ነበር። እርሱን ለመቀየር የፍሬን ታምቡሩን ማውለቅና በቱቦው ጫፍ ላይ በኃይል የገባውን የኩሽኔታ ቤት በፕሬስ መንቀል ያስፈልጋል። ርካሽ ጎማ ለመቀየር ይህን ሁሉ! ከዚያ በኋላ በርዝመቱ የተሰነጠቀና ከንፈሮቹ በትንንሽ ብሎኖች የሚገጠሙ ሽፋን መጣ። እኔ ይህን ሽፋን ከብዙ የተራቀቁ ፈጠራዎች አስበልጬ እወደዋለሁ። መኪናው በተሠራበት ፋብሪካ ዘንድ የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ የታሰበው መሬት ላይ ተጋድሞ፣ ያለ ፕሬስ፣ በመፍቻና በቢላዋ ለሚሠራው ሰው ነው።

ሥራው ቀላል ቢመስልም የሚፈርሰው በዝርዝሩ ነው። በመጀመሪያ ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ ይለያል፤ ከካምቢዮው አጠገብ ከሆነ ጎማው ነው፤ ከፍሬን ታምቡሩ በኩል ከሆነ የዳር ዘይት ማገጃው ነው፤ ሽፋኑን መቀየርም አይፈውሰውም። አሮጌው ከመቀደዱ በፊት አካባቢው በደንብ ይታጠባል። የአዲሱ ስፌት ወደ ላይም ወደ ታችም መዞር የለበትም፤ ወደ ጎን ነው። ለምን ቢባል፣ አክስሉ ከፍና ዝቅ ሲል እጅግ የሚለጠጠውና የሚጨመቀው የላይና የታች እጥፋት ነው፤ ጎኑ ያርፋል። በመካኒክስ ክፍል ስለ ታጣፊ ምሰሶ የተማራችሁት ገለልተኛ መስመር እዚህ በብሎን ተተርጉሟል። ብሎኖቹ እኩል ይጠብቃሉ፤ ከልክ ያለፈ ማጥበቅ ከንፈሩን ጨፍልቆ ያፈስሰዋል። የሁለቱ ጫፎች ማሰሪያ ደግሞ የሚጠብቀው መኪናው ከክሪክ ወርዶ በእግሩ ከቆመ በኋላ ነው፤ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ የታሰረ ጎማ መኪናው ሲወርድ ተጠማዝዞ ይቀራል።

አሁን ወደ ሮቢት እንውረድ። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከአስፋልቱ ጥቂት እልፍ ሲሉ ደለል ነው። የቆቦ ሜዳ ከምዕራቡ ተራራ ጎርፍ ተሸክሞ ባወረደው አፈር የተሞላ ነው፤ ገበሬውም ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ማሽላ የሚያበቅለው ያው ደቃቅ ብናኝ በደረቁ ወራት አቧራ ሆኖ ከመኪና ሥር ይገባል። እዚያ የሚሄዱት ቤት መኪኖች በአብዛኛው በፊት ጎማ የሚነዱ ናቸው፤ በጎማቸው ጫፍም አልፍሬድ ዜፓ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የፈለሰፈው ዓይነት ባለ ስድስት ኳስ መገጣጠሚያ አለ። ይህ መገጣጠሚያ የራሱ ግራሶ ብቻ ነው ያለው። ሽፋኑ ሲቀደድ ግራሶው በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ይረጫል፤ በምትኩ ብናኝ ይገባል፤ ቀጥሎ መሪ ሲዞር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ከተሰማ ኳሶቹና መንገዶቻቸው ተበልተዋል፤ ሽፋን መቀየርም ጊዜው አልፎበታል።

በአካባቢው የተለመደው መፍትሔ የተቀደደውን በካላማዳሪ ቁራጭ ጠቅልሎ በሽቦ ማሰር ነው። መካኒኩን አልወቅስም፤ አዲሱ ሽፋን ወልድያ ወይም ደሴ ድረስ ተፈልጎ የሚመጣ ሊሆን ይችላል፤ ባለ መኪናውም ነገ ገበያ ይሄዳል። ሆኖም ካላማዳሪ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጎማ ወይም ከቡቲል ነው፤ ሁለቱም በማዕድን ዘይት ውስጥ ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ። ለሽፋን የሚመረጠው ኒዮፕሪን የመሰለ ዘይትን የሚቋቋም ጎማ ነው። እሱም ቢሆን የማይሞት አይደለም፤ ሙቀትና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን በእጥፋቱ ሸለቆ ውስጥ ይሰነጥቁታል። ለዚህ ነው ስንጥቅ ስንፈልግ እጥፋቱን በጣት ከፍቶ ማየት የሚያስፈልገው።

ከሁሉ የከፋው ግን አሸዋ በገባበት መገጣጠሚያ ላይ አዲስ ሽፋን መግጠም ነው። የሚፈጭ ነገር ውስጥ እንዲቀር ማሸግ ይሆናል። ከግራሶው ጥቂት በሁለት ጣት መካከል ሲታሸት ሻካራ ከሆነ መገጣጠሚያው ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሞሊብዲነም ያለበት አዲስ ግራሶ ይሞላል፤ ለስላሳ ከሆነ ሽፋኑ ብቻ ይበቃል። በሙጫ የሚዘጉ ስንጥቅ ሽፋኖች ለዚህም ገበያ ላይ አሉ፤ እኔ ግን አቧራና ቅባት ባለበት ቦታ በሙጫ አላምንም። በሾጣጣ ማስገቢያ ተለጥጦ በመገጣጠሚያው ላይ የሚያልፈውን እመርጣለሁ።

አንዳንዶቻችሁ ይህ ሁሉ ከቤንዚን ጋር የሚያልፍ ትሉ ይሆናል፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋልና። የኤሌክትሪክ መኪናም ከሞተሩ ወደ ጎማው የሚሄድ ዘንግ አለው፤ ዘንጉ መገጣጠሚያ አለው፤ መገጣጠሚያውም ያው ጎማ። ሮቢት ሲደርስ የሚጠብቀው አቧራም ያው ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሽፋኖች አስቀምጫለሁ፤ አንዱ የተቀደደ፣ ሌላው አዲስ ባለ ብሎን ነው። ከጥያቄው በፊት በእጃችሁ አጥፋችሁ እዩአቸው።